የፋብሪካ ነርሶች አለባበስ በኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳና ብረታ ብረት ይመረትባታል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። እንዲህ ባለ ከተማ የሙያ ጤና ነርስ፣ ማለትም የሠራተኞችን ጤና በሥራ ቦታቸው የምትከታተል ነርስ፣ ሥራ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል በማጠብ አያበቃም። ማሽኑ አጠገብ ሄዳ አቧራውን፣ ጩኸቱንና ኬሚካሉን ማየት አለባት። ሙያው ከጥንትም እንዲሁ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ነርሶች አንዷ የሆነችው ፊሊፓ ፍላወርዴይ በ1878 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በአንድ የሰናፍጭ ፋብሪካ ስትቀጠር፣ የታመሙ ሠራተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትጠይቅ ነበር።

ታዲያ ምን ትልበስ?

ክሊኒክ ውስጥ ነጭ ጋዋን ይመረጣል። ሰው ሲጎዳ «ሲስተር!» ብሎ ማንን እንደሚጠራ ያውቃል። ነጭ ልብስ ደም ሲነካው ወዲያው ስለሚታይ ሳይዘገይ ይቀየራል። አንድ ችግር ግን አለው። አንዳንድ ሰው ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ፊት ሲቀርብ የደም ግፊቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬት ከበዛ ሠራተኛውን ትንሽ አሳርፎ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ማምረቻው ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። በመፍተያና በመሸመኛ ክፍል የሚውለበለብ የጋዋን ጫፍ፣ የተንጠለጠለ ነጠላ ወይም ያልታሰረ ፀጉር የሚሽከረከር ማሽን ሊይዘው ይችላል። እዚያ የሚያዋጣው ከሰውነት ጋር የሚሄድ ሸሚዝና ሱሪ፣ ከአቧራ የሚከላከል ማስክና ድፍን ጫማ ነው። ጩኸቱ 85 ዴሲቤል ከደረሰ የጆሮ መከላከያም ይጨመራል። ቆዳ ፋብሪካ ቦት ጫማና ጓንት ይፈልጋል። ጠርሙስ የሚሞላበት ቦታ ደግሞ ስባሪ ስለሚፈናጠር የዓይን መነጽር ግድ ነው። በእኔ እምነት ይህ ለነርሷ ደህንነት ብቻ አይደለም። ጆሮዋን ሳትሸፍን «ጆሮህን ሸፍን» ብትል ማን ይሰማታል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ የማቅረብ ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ነርሷም ሠራተኛ ናት። መከላከያዋን ከደሞዟ ቆርሳ እንድትገዛ ማድረግ ልክ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እጥበቱ ነው። ደሴ እያደሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩ አሉ። በዋሉበት ጋዋን ሚኒባስ ተሳፍረው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ከወጡ፣ የክሊኒኩን ጀርምና የፋብሪካውን ብናኝ ይዘው ልጆቻቸው ዘንድ ይገባሉ። ስለዚህ ልብሱ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ቢቀየር፣ እዚያው ቢታጠብ ይሻላል። በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ለ10 ደቂቃ ማጠብ አብዛኛውን ጀርም ያስወግዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው መቀየሪያ ክፍል፣ ቁልፍ ያለው ሳጥንና ቢያንስ ሁለት ቅያሪ ነው።