በፍርድ መከልከል ምንድን ነው?

«ሐኪም ቤት የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ብሎ ከጻፈለት ሰውየው ከዚያ ወዲያ መፈረም አይችልም፤ ንብረቱንም የቅርብ ዘመዱ ይረከባል» የሚል ማብራሪያ አንድ አስተያየት ሰጪ በልበ ሙሉነት ጽፎ አነበብሁ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ብቸና በችሎት ደጃፍ የሚደጋገም አባባል ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

በፍርድ መከልከል ማለት ሰውየው በአእምሮ ሕመሙ ምክንያት ውል መዋዋልንና ንብረት ማስተዳደርን የመሰለ ሥራ ራሱ እንዳይሠራ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ውሳኔ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ራሱ የመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይገመታል፤ የለውም ባይ ማስረዳት አለበት። የሐኪሙ ወረቀት ዳኛው ከሌላው ጋር የሚመዝነው ማስረጃ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ክልከላውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ ይህም ሕመምተኛው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሲያመለክት፣ የሕመምተኛውም ጤንነትና ጥቅም ሲያስገድድ ነው። ሕጉ የወራሾችንም ጥቅም በምክንያትነት መጥቀሱን አልክድም፤ ነገር ግን እኔ እንደምረዳው ሀብቱ እንዳይባክን እንጂ የሀብቱ ባለቤት በሕይወት ሳለ እንዲከፋፈሉት አይደለም።

የሚያናድደኝ በተለይ ይህ «ይረከባል» የሚለው ቃል ነው። የተከለከለውን ሰው ንብረት የሚያስተዳድረው ሞግዚት ማለት ጎረቤቱ በሬውን በአደራ የተወለት ሰው ማለት ነው፤ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ቢታመም ያሳክመዋል፣ ወደ ገበያ ነድቶ ግን እንደ ገዛ ከብቱ አይሸጠውም፤ ሲጠየቅም በሬው ምን ሠራ፣ ምን አስገባ ብሎ ሒሳብ ያቀርባል። ልዩነቱ፣ በእኛ ጉዳይ ባለቤቱ አገር ጥሎ አልሄደም፤ እዚያው ቤት ተቀምጦ የበሬውን አያያዝ ያያል፣ ብዙ ጊዜም ያውቃል። የሰውየውን አካልና ኑሮ የሚጠብቀው ደግሞ አሳዳሪው ነው፤ ሁለቱን ሥራዎች አንድ ሰው ደርቦ ሲይዛቸው ድንበራቸው ይረሳል።

ገጠሩን የሚመለከት አንድ ነገር ግን አለ። ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ባለበት አካባቢ፣ ቤተሰቡ በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚገድበው ሰው፣ የክልከላ ፍርድ ባይኖርም ሕመሙ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል። ስለዚህ እንዲህ ካለ ሰው መሬት የተከራየ ገበሬ፣ ውሉን ራሱ ሕመምተኛው፣ ወኪሉ ወይም ወራሾቹ ሊቃወሙበት እንደሚችሉ ማወቅ አለበት። እንዲህ በግልጽ የታወቀ ሕመም በሌለበት ግን ከክልከላው በፊት የተደረገ ውል «ያኔ ታሞ ነበር» ስለተባለ ብቻ አይፈርስም።

በወንጀል ቅጣት ምክንያት የሚመጣው በሕግ መከልከል ከዚህ የተለየ ስለሆነ አይቀላቀልብን። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ12ኛው አንቀጹ ሰውየው ውሳኔውን ራሱ እንዲሰጥ ድጋፍ ማግኘቱን ያስቀድማል፤ የ1952ቱ ሕግ አቀራረብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጠንካራ ትችት የሚገባው ይመስለኛል። በእንግሊዝና በዌልስ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የአእምሮ ችሎታ ሕግ ችሎታን የሚመዝነው በእያንዳንዱ ውሳኔ ነው፤ የእኛ ክልከላ ግን ሰውየውን ባንድ ጊዜ ለአካለ መጠን እንዳልደረሰ ልጅ ጥበቃ ሥር ያስገባዋል።

ሰውየው ቢድንም ክልከላው በራሱ አይነሣም። መነሻው ምክንያት እንደቀረ አስረድቶ እንዲነሣለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል፤ የቀበሌ ደብዳቤ ለዚህ አይበቃም።