ስለ ኮሎምበስ ኦሃዮ ዕድገትና ሕንፃዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዲሲና የሲያትል ኪራይ ያስመረረው ሐበሻ ኮሎምበስን ማማተር ከጀመረ ቆይቷል። የሚመጣው ሰው ግን ሰፈር የሚመርጠውም ሆነ ቤት የሚገዛው በወሬ ነው፤ ከወሬው ውስጥ ደግሞ ስህተቱ ብዙ ነው። በተሳሳተ ወሬ የተገዛ ቤት ለ30 ዓመት ይከፈልበታልና ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ ማየት ይገባል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ሚድዌስት የሚሞት አገር ነው"

ይህን ያስወራው ሚድዌስት በሚባለው የአሜሪካ መካከለኛ ሰሜን ክፍል ያሉት የክሊቭላንድና የዲትሮይት ዕጣ ነው። ክሊቭላንድ በ1950 ከ914 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 ቆጠራ የቀራት 372 ሺህ ገደማ ነው። በዚያው ቆጠራ ኮሎምበስ 905,748 ሰው ተቆጥሮባታል፤ ከአሥር ዓመት በፊት 787,033 ነበር። አብዛኛው ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ የግዛቱ ዋና ከተማ ስለሆነች፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ስላሏት ይላል። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው።

ሌላው ግማሽ የውሃ ቧንቧ ነው። በ1954 ሥልጣን የያዙት ከንቲባ ጃክ ሴንሰንብሬነር የከተማውን ውሃና የፍሳሽ መስመር የሚፈልግ አካባቢ ሁሉ በቅድሚያ ወደ ኮሎምበስ እንዲጠቃለል አደረጉ። ክሊቭላንድ ራሳቸውን በቻሉ ትንንሽ ከተሞች ተከብባ ስትቀር፣ ኮሎምበስ ከ40 ስኩዌር ማይል ገደማ ተነሥታ ከ220 በላይ ደረሰች። በ1950 ወሰኗ ውስጥ ብቻ ብንቆጥር ግን ዛሬ የሚኖረው ሕዝብ ከያኔው ያንሳል። ከተማዋ ወደ ጎን ስትሰፋ መሀሏ ሳስቷል ማለት ነው።

ቤት ለሚገዛ ወላጅ ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከተማው ሲጠቀልል የትምህርት ቤት ወረዳው በየቦታው አብሮ አልተጠቀለለም። ስለዚህ አድራሻው ኮሎምበስ ሆኖ፣ የገቢ ግብሩን ለኮሎምበስ እየከፈለ፣ ልጁ ዌስተርቪል ወይም ደብሊን በሚባሉት አጎራባች ከተሞች የትምህርት ወረዳ የሚማርበት ቤት አለ። ከመፈረም በፊት የትምህርት ወረዳውን በቤቱ ቁጥር ማጣራት ግድ ነው።

"መሬት እንደ ጉድ ሞልቶ ቤት የተወደደው በአከራይ ስግብግብነት ነው"

ስግብግብ አከራይ የትም አለ። ኮሎምበስ ውስጥ ግን የከበደው ነገር ሕጉ ነው። የከተማው የዞኒንግ ሕግ፣ ማለትም የት ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚሠራ የሚወስነው ሕግ፣ በመሠረቱ የ1950ዎቹ ነበር። ክሊቭላንድ አቬኑን ወይም ሞርስ ሮድን ይዞ የሚነዳ ሰው ሕጉን በዓይኑ ያየዋል፦ ባለ አንድ ፎቅ ሱቆች በመደዳ፣ ከፊታቸው የተንጣለለ አስፋልት። ያንን አስፋልት ባለሱቁ ፈልጎት ብቻ የተነጠፈ አይደለም። ሕጉ ለሱቁም ለምግብ ቤቱም ይህን ያህል መኪና የሚያቆም ቦታ አዘጋጅ ይል ነበር። ከሱቁ በላይ ሦስት ፎቅ መኖሪያ ልሥራ ያለ ባለቤት ልዩ ፈቃድ መጠየቅ፣ ወራት መጠበቅ፣ ጠበቃ መክፈል ነበረበት። ገንዘብ የሌለው ይተወዋል።

የከተማው ምክር ቤት ይህን ሕግ በሐምሌ 2024 ለወጠ። አዲሱ ሕግ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ 12,300 ገደማ ይዞታዎችን ይመለከታል። በእነዚህ ቦታዎች የግዴታ ፓርኪንግ ቀርቷል፤ በአንዳንዶቹ እስከ 12 ፎቅ፣ በአነስተኛ ኪራይ የሚያዙ ቤቶችን ለሚጨምር ደግሞ እስከ 16 ፎቅ ይፈቀዳል። ከተማው እንደገመተው በአሥር ዓመት ውስጥ በአዲሱ ሕግ እስከ 88 ሺህ ቤት ሊሠራ ይችላል፤ አሮጌው ባለበት ቢቀጥል 6 ሺህ ገደማ ብቻ። መሬቱ ያው ነው፣ የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

"አዲስ አፓርታማ ሲቆም የሰፈሩ ኪራይ ይንራል"

አዲሱ ሕንፃ ራሱ ውድ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ተነሥቶ ነው። እዚያው ሚድዌስት ያለችውን ሚኒያፖሊስን እንይ። ከ2017 እስከ 2022 የቤት ቁጥሯን በ12 በመቶ ስታሳድግ ኪራይ የጨመረው በ1 በመቶ ብቻ ነው፤ በቀረው የሚኒሶታ ክፍል በ14 በመቶ ጨምሯል። አዲስ ቤት ሲጠፋ ደህና ደመወዝ ያለው ተከራይ አሮጌውን ቤት ይሻማል፤ ተሸናፊው ደሞዙ ያነሰው ነው። ይሁን እንጂ ርካሽ ኪራይ የነበረው ሕንፃ ፈርሶ አዲስ ቢተካ፣ ከዚያ የወጣውን ቤተሰብ አማካይ ቁጥር አይጠግነውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት አዲሱ ሕንፃ የቆመው ባዶ ፓርኪንግ ላይ ነው ወይስ ሰው የሚኖርበትን ቤት አፍርሶ የሚለው ነው።

"ታሪክ የሌላት፣ የሚታይ ሕንፃ የማይገኝባት ከተማ ናት"

አንዳንዱ በኢንተርኔት ያየውን ዘመናዊ ቤተ ክርስቲያን ፈልጎ ይመጣል፤ እሱ ያለው ኮሎምበስ ኢንዲያና ነው፣ ሌላ ትንሽ ከተማ። ኦሃዮ ያለችው የራሷ አላት። በ1927 የተመረቀው ባለ 47 ፎቅ ሌቬክ ታወር የዲሲውን የዋሽንግተን ሐውልት በጥቂቱ እንዲበልጥ ታስቦ የቆመ ነው። ጀርመን ቪሌጅ የሚባለው የጡብ ቤቶች ሰፈር ከፊሉ ከፈረሰ በኋላ፣ የቀረው የዳነው ነዋሪዎች በ1960 ማኅበር አቋቁመው ስለታገሉለት ነው።

ዩኒየን ስቴሽን የሚባለው ባቡር ጣቢያ እንዲህ አልዳነም። ዳንኤል በርናም የነደፉት ያ ባለ ቅስት ግንባር በ1976 ፈረሰ። አንድ ቅስት ብቻ ተርፎ ዛሬ አሬና ዲስትሪክት ውስጥ መናፈሻ ላይ ለብቻው ቆሟል። በሃይ ስትሪት ከኮንቬንሽን ሴንተሩ ወደ ሾርት ኖርዝ ሰፈር በእግሩ የሚሄድ ሰው ደግሞ ግራና ቀኝ ሱቅና ምግብ ቤት እያየ ያልፋል፤ የሚራመደው አይ-670 ሀይዌይ ላይ መሆኑ ትዝም አይለው። በ2004 የተከፈተ ድልድይ ነው፣ ሱቆቹም ድልድዩ ላይ ናቸው፤ ዓምዶቻቸውና ቅስቶቻቸው የፈረሰውን ጣቢያ እንዲያስታውሱ ተብለው የተነደፉ። ሀይዌይ የቆረጠውን ጎዳና መልሶ የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔ ከየትኛውም ረጅም ፎቅ ይበልጣል።

"ሀይዌዩ ያለፈው በባዶ ሜዳ ነው"

በፍጹም። በምሥራቁ በኩል ሃንፎርድ ቪሌጅ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ጭምር ቤት የተሠራበት። አይ-70 መሀሉን ሰንጥቆት አለፈ። በዚያ ያለው ነዋሪ ስለ ማንኛውም አዲስ የመንገድ ፕሮጀክት ሲሰማ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

"እዚህ ያለ መኪና መኖር መቼም አይታሰብም"

ዛሬ ይከብዳል፤ የመንገደኛ ባቡር ከ1979 ወዲህ የለም። ግን መራጩ በኅዳር 2024 ከ100 ዶላር ግዢ 50 ሳንቲም የሚሆን ተጨማሪ የሽያጭ ታክስ አጽድቋል፤ ገንዘቡ የራሳቸው መስመር ላላቸው ፈጣን አውቶቡሶች፣ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ የሚውል ነው።

"ይህ የባለቤቶችና የዜጎች ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም"

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። ኮሎምበስ ውስጥ የአካባቢ ኮሚሽን የሚባሉ ሸንጎዎች አሉ፤ ገንቢው ልዩ ፈቃድ ሲጠይቅ ጉዳዩ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ምክራቸው ምክር ቤቱን አያስገድድም፣ ግን ይሰማል። ስብሰባቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ተከራይም መጥቶ ይናገራል፣ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ምግብ ቤት ያለው ወገናችን ስለ ፓርኪንግ፣ በአውቶቡስ ሥራ የሚሄደው ስለ ፌርማታ ከማንም የተሻለ የሚያውቀው አለው። የስብሰባው ቀንና ቦታ በከተማው ድረ ገጽ ላይ በየሰፈሩ ተዘርዝሯል።