የመብራት ፕሮፋይል ምንድን ነው? ኮንሶሉን ከማያውቀው መብራት ጋር ማስተዋወቅ

አንድ ባለሙያ የመድረክ መብራት ኮንሶል፣ ማለትም መብራቶቹ የሚመሩበት የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ፊት ተቀምጦ የአንዱን መብራት ጨረር ወደ ግራ ሲያዞር ወይም ቀለሙን ወደ ቀይ ሲቀይር፣ በገመዱ ውስጥ የሚጓዘው «ግራ» ወይም «ቀይ» የሚል ትእዛዝ ሳይሆን ቁጥር ብቻ ነው። በየትኛው ቻናል ላይ ያለው ቁጥር ምን ሥራ እንደሚያሠራ ለኮንሶሉ የሚያስረዳው ሰነድ የመብራት ፕሮፋይል ወይም ፊክስቸር ፕሮፋይል ይባላል። ስሙ ከኮንሶል ኮንሶል ይለያያል፤ በአቮላይትስ ፐርሰናሊቲ፣ በቻምሲስ ሄድ፣ በግራንድኤምኤ ደግሞ ፊክስቸር ታይፕ ይሉታል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።

ፕሮፋይል ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት መብራትና ኮንሶል የሚነጋገሩበትን ደንብ ማየት ይጠቅማል። ዲኤምኤክስ 512 የተባለው ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ በዋናነት የታሰበው የብርሃንን መጠን ለሚቀንሱና ለሚጨምሩ ዲመሮች ነበር። አንድ የዲኤምኤክስ መስመር፣ ማለትም አንድ ዩኒቨርስ፣ 512 ቻናሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቻናልም ከ0 እስከ 255 ያለ ዋጋ ይይዛል። ለዲመር 0 ጨለማ፣ 255 ሙሉ ብርሃን ስለሆነ ሌላ ማብራሪያ አያሻም ነበር። ችግሩ የመጣው ጨረራቸውን የሚያዞሩ፣ ቀለም የሚቀይሩና ጎቦ፣ ማለትም ጨረሩን በሥዕል የሚቀርጽ ሳህን፣ የሚያሽከረክሩ መብራቶች ይህንኑ ደንብ ሲጠቀሙበት ነው፤ ምክንያቱም ደንቡ ቁጥሩን ያደርሳል እንጂ ቁጥሩ ስለ ምን እንደሆነ አይናገርም። የአንዱ አምራች አምስተኛ ቻናል ዲመር ሲሆን የሌላው አምስተኛ ቻናል የእንቅስቃሴ ፍጥነት ሊሆን ይችላል።

ኮንሶሎች በሺዎች የሚቆጠሩ መብራቶችን ፕሮፋይል ይዘው ይመጣሉ። ያም ሆኖ አዲስ የወጣ፣ ብዙም የማይታወቅ አምራች የሠራው፣ ወይም በአዲስ ሶፍትዌር የቻናል አሰላለፉ የተቀየረ መብራት ከዝርዝሩ ውስጥ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ባለሙያው ፕሮፋይሉን በገዛ እጁ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ከባዶ መነሣት ግን እምብዛም አይመከርም፤ ከተመሳሳይ መብራት የተዘጋጀ ፕሮፋይል ቀድቶ ልዩነቱን ብቻ ማረም ጊዜም ስሕተትም ይቀንሳል።

ሥራው የሚጀምረው በመብራቱ መመሪያ ውስጥ ካለው የቻናል ሠንጠረዥ ነው። ለምሳሌ 12 ቻናል ያለው ተንቀሳቃሽ የኤልኢዲ መብራት እናስብ፦ 1 እና 2 አግድም ዙረት፣ ማለትም ፓን፤ 3 እና 4 ቀጥ ያለ ዙረት፣ ማለትም ቲልት፤ 5 የእንቅስቃሴ ፍጥነት፤ 6 ዲመር፤ 7 ብርሃኑን የሚዘጋና የሚከፍት ሻተር፤ ከ8 እስከ 11 ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭ፤ 12 ደግሞ የመቆጣጠሪያ ትእዛዞች። ሠንጠረዡን ወደ ኮንሶሉ መገልበጥ የጸሐፊ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ መመሪያው ሁልጊዜ አይታመንም፤ በተለይ በርካሽ መብራቶች መመሪያ ላይ የሌላ ሞዴል ሠንጠረዥ ታትሞ ማግኘት የተለመደ ነው። ስለዚህ መብራቱ በቅርብ ካለ አስቀድሞ መፈተን ይሻላል፤ አድራሻው፣ ማለትም መብራቱ የሚይዘው የመጀመሪያው ቻናል ቁጥር፣ ላይ 12 ተራ ዲመሮችን ፓች አድርጎ (ኮንሶሉ ላይ አስመዝግቦ) አንድ በአንድ ከ0 እስከ 255 ቀስ እያሉ ማሳደግና የሚሆነውን መመዝገብ ነው። አንዳንድ ቻናል ብቻውን ምንም ላያሳይ ስለሚችል በቅድሚያ ዲመሩንና ሻተሩን መክፈት ያስፈልጋል።

ፓንና ቲልት ሁለት ሁለት ቻናል የሚይዙበት ምክንያት የሒሳብ ጉዳይ ነው። ዙረቱ 540 ዲግሪ የሆነ መብራት በአንድ ቻናል ብቻ ቢመራ፣ 540 ለ255 ሲካፈል እያንዳንዱ እርምጃ ከ2 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል፤ ይህ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ጨረሩን በአንድ ጊዜ 37 ሴንቲሜትር ያህል ያዘልለዋል። በዝግታ መዞር የነበረበት መብራት በግልጽ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ሁለተኛው ቻናል ሲጨመር እርምጃዎቹ 65,535 ይሆናሉ፤ ዝላዩም በዚያው ርቀት ወደ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ይወርዳል። ፕሮፋይሉ ሁለቱን ቻናሎች እንደ አንድ ባሕርይ ማጣመር አለበት፤ ትልቁን እርምጃ የሚመራው ሻካራው የትኛው፣ ትንሹን የሚመራው ረቂቁ የትኛው እንደሆነም መለየት አለበት። አንዳንድ አምራቾች ሁለቱን ሻካራ ቻናሎች ካስቀደሙ በኋላ ረቂቆቹን ስለሚያስከትሉ፣ ጥንዶቹ ጎን ለጎን ናቸው ብሎ መገመት ያሳስታል።

የፕሮፋይል ሥራ አብዛኛው ጥበብ ያለው፣ በእኔ አመለካከት፣ ቻናሎችን በመቁጠር ላይ ሳይሆን በአንድ ቻናል ውስጥ ያሉትን ክልሎች በትክክል በመከፋፈል ላይ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ሻተሩ ከ0 እስከ 31 ዝግ፣ ከ32 እስከ 63 ክፍት፣ ከ64 እስከ 95 ከዝግታ ወደ ፍጥነት የሚሄድ ስትሮብ (ተደጋጋሚ ብልጭታ)፣ ከዚያ በላይ ሌላ ዓይነት ብልጭታ ነው እንበል። ይህ ሳይከፋፈል «ሻተር፣ ከ0 እስከ 255» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ መብራቱ መሥራቱ አይቀርም፤ ሆኖም ባለሙያው ስትሮብ በፈለገ ቁጥር በጨለማ ውስጥ መዘውር እያዞረ ቁጥር ሲያድን ያመሻል። ክልሎቹ በስም ከተለዩ ግን ኮንሶሉ «ክፍት» የሚል ቁልፍ ያወጣል፣ የጎቦዎቹንም ሥዕል ይደረድራል። የሁለት አምራቾችን መብራቶች በአንድነት መርጦ ሁለቱንም በአንድ ትእዛዝ ክፍት ማድረግ የሚቻለውም ኮንሶሉ «ክፍት» የሚለው ቃል በአንዱ 40፣ በሌላው 255 መሆኑን ሲያውቅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመነሻ ዋጋዎች ይወሰናሉ። ማንም ሳይነካው መብራቱ በምን ሁኔታ ላይ መሆን አለበት? ፓንና ቲልት መሐል፣ ሻተር ክፍት፣ ጎቦ የሌለበት፣ ዲመር 0፤ ቀለም ግን እንደ ስልቱ ይለያል። በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ኤልኢዲ መብራት 0 ማለት ጨለማ ስለሆነ መነሻው 255 ይሆናል፤ በነጭ ብርሃን ፊት ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫ ማጣሪያ በሚያስገባ መብራት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 0 ማለት ማጣሪያ የለም፣ ማለትም ነጭ ብርሃን ስለሆነ መነሻው 0 ነው። ይህን የሳተ ሰው ዲመሩን እስከ ጫፍ ከፍቶ መብራቱ ለምን እንደማይበራ ግራ ይጋባል፤ ገመድ ሲቀያይር፣ ፊውዝ ሲመረምር ይቆያል እንጂ ጥፋቱ ፕሮፋይሉ ውስጥ ነው ብሎ ቶሎ አይጠረጥርም። ለብቻው የዲመር ቻናል ለሌለው የኤልኢዲ መብራት ደግሞ ምናባዊ ዲመር ይፈጠርለታል፤ ኮንሶሉ የቀለሞቹን ዋጋ በብርሃኑ መጠን እያባዛ ይልካል፣ የቀለሙ ቅንብርም ሳይዛባ ብርሃኑ ይደበዝዛል።

ሌላው ወሳኝ ምርጫ የትኛው ቻናል ቀስ እያለ እንደሚለወጥና የትኛው በአንድ ጊዜ እንደሚዘል ነው። ዲመር፣ ፓንና የቀለም ቅልቅል ቀስ ብለው ቢሸጋገሩ ያምራሉ። የጎቦ ምርጫ ግን በመካከል ያሉትን ሁሉ እያሳየ ስለሚያልፍ በቀጥታ ቢዘል ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው በምሳሌያችን 12ኛው የሆነው የመቆጣጠሪያ ቻናል ነው። አንዱ ክልል መብራቱን እንደ አዲስ የሚያስነሣ፣ ሌላው የማራገቢያውን ፍጥነት የሚቀንስ ሲሆን፣ ቻናሉ በ5 ሴኮንድ ሽግግር ከ0 ወደ 200 እንዲያድግ ቢፈቀድለት በመንገዱ ላይ ያሉትን ትእዛዞች ሁሉ ይነካካል። ብዙ አምራቾች አደገኛው ዋጋ ለጥቂት ሴኮንዶች ሳይነቃነቅ ካልቆየ ትእዛዙ እንዳይፈጸም የሚያደርጉት ይህን በመፍራት ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ፕሮፋይሉ ላይ ዘላይ ብሎ መመዝገብ ይገባል።

አንድ መብራት ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ሞድ አለው፤ ያው መብራት በ12፣ በ14 ወይም በ30 ቻናል ሊሠራ ይችላል። ፕሮፋይል የሚሠራው ለሞዱ እንጂ ለመብራቱ ብቻ አይደለም። ኮንሶሉ የ12 ቻናል ፕሮፋይል ይዞ የመጀመሪያውን መብራት በ101፣ ሁለተኛውን በ113 አድራሻ ቢያስቀምጥና መብራቶቹ ራሳቸው በ14 ቻናል ሞድ ላይ ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው እስከ 114 ድረስ ያነባል፤ በዚህም ምክንያት የሁለተኛው ፓን ሲንቀሳቀስ በመጀመሪያው መብራት ላይ ያልታዘዘ ነገር ይታያል። አንዱን ነክቶ ሌላው ከተቅበጠበጠ መጀመሪያ ሞዱን ማየት ነው።

ይህን ድካም ለማቃለል የተደረጉ ጥረቶች አሉ። አርዲኤም የተባለው እ.ኤ.አ. የ2006 ደንብ መብራቱ በዚያው መስመር ተመልሶ ማንነቱን፣ አድራሻውንና ስንት ቻናል እንደሚይዝ እንዲናገር አስችሏል፤ የእያንዳንዱን ክልል ዝርዝር ትርጉም ግን በአብዛኛው አይሰጥም። ጂዲቲኤፍ ደግሞ በኤምኤ ላይቲንግ፣ በሮቤና በቬክተርወርክስ የተጀመረ የጋራ ፋይል ዓይነት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2020 በጀርመን የደረጃዎች ተቋም በኩል ታትሟል። በውስጡ የቻናሎቹን ዝርዝር ከመብራቱ ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል ጋር ስለሚይዝ፣ አንድ ጊዜ የተዘጋጀው ፋይል ቅርጹን በሚቀበሉ ኮንሶሎችና የሥዕል ሶፍትዌሮች ሁሉ ያገለግላል።

የተጠናቀቀው ፕሮፋይል ኪው፣ ማለትም በትዕይንቱ ጊዜ የሚጠራ የመብራት ሁኔታ፣ መቅዳት ከመጀመሩ በፊት በእውነተኛው መብራት ላይ ክልል በክልል ይፈተናል፤ ትዕይንቱ ከተቀዳ በኋላ የሚደረግ የክልል ወይም የመነሻ ዋጋ ማስተካከያ ቀድሞ የተሠራውን ሊያዛባ ይችላልና። ስሙ ላይ አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ የሞዱን የቻናል ብዛትና የተሠራበትን ቀን መጻፍ፣ ፋይሉንም ከትዕይንቱ ፋይል ጋር በአንድ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ የባለሙያው የመጨረሻ ሥራ ነው።