የኔቶ «2 በመቶ» ምንድን ነው?

ትራምፕ የአውሮፓ አገሮች አይከፍሉም እያሉ ሲያማርሩ የሰማ ሰው ኔቶ (የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ አገሮች የጦር ኅብረት) የዕድር ነገር ይመስለዋል። ሁሉም የሚያዋጣበት፣ ያላዋጣ የሚቀጣበት። አይደለም። 2 በመቶው ለማንም አይከፈልም። አንድ አገር ለራሱ ጦር የሚያወጣው ገንዘብ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ ነው የሚለካው፤ ቢያንስ 2 በመቶ ይድረስ ነው የተባለው። (ለዋናው መሥሪያ ቤትና ለመሳሰሉት የሚዋጣ የጋራ በጀትማ አለ፤ እሱ ግን ሌላ ነው፣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።)

ቁጥሩ ገኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ሩሲያ ክሪሚያን ከያዘች ከጥቂት ወራት በኋላ ዌልስ ላይ በተደረገው የኔቶ ጉባኤ ነው። ያኔ 2 በመቶ የሞሉት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ አሜሪካ፣ ብሪታንያ እና... ግሪክ።

ግሪክ? ያውም በዕዳ ተዘፍቃ? አዎ። አንደኛ፣ ጎረቤቷ ቱርክ ናት፤ የኔቶ አባል ብትሆንም እንቅልፍ አትሰጣትም። ሁለተኛው ነው የሚያስቀው። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ቤተሰብ ለጥበቃው 200 ብር ያዋጣል እንበል፣ 2 በመቶ ነው፤ አባወራው ከሥራ ተቀንሶ ገቢው 5,000 ቢሆንና ያንኑ 200 ብር ቢከፍል ድንገት 4 በመቶ ሆነ፣ ጥበቃው ግን ያው አንድ ሰው ነው፣ ዱላውም ያው ዱላ። የግሪክ ኢኮኖሚም እንደ አባወራው ገቢ ነው የሆነው፤ በዚያ የዕዳ ቀውስ ሩብ ያህሉን አጥቷል።

ደግሞ የወታደር ደሞዝና ጡረታም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ጡረተኛ የበዛበት ጦር ወረቀት ላይ ጎበዝ ሊመስል ይችላል። ዌልስ ላይ ለዚህ የሚሆን ሌላ መለኪያም ነበር፦ ከመከላከያ ወጪው ቢያንስ 20 በመቶው ለዋና ዋና የጦር መሣሪያ ይዋል የሚል። ለእኔ ቁም ነገሩ እሱ ነው፣ ግን ማንም አያነሳውም፤ ለዜና ርዕስ አይመችም መሰለኝ።

አሁን 2 በመቶም ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 አባላቱ ሄግ (ኔዘርላንድስ) ላይ እስከ 2035 ድረስ 5 በመቶ እንድረስ ተባባሉ፤ ስፔን አልችልም አለች። 3.5ቱ ለጦሩ ነው። የቀረው 1.5 ግን ለመንገድ፣ ለወደብ፣ ለሳይበር ጥበቃ ምናምን ይውላል፤ ጣሊያን ውስጥም ወዲያው ሲሲሊን ከዋናው ምድር የሚያገናኘው ግዙፍ ድልድይ እዚህ ይቆጠርልን የሚሉ ባለሥልጣናት ብቅ አሉ። ታንክም ያልፍበታል ነው ነገሩ።