ፖሊሲስቲክ ጉበት ምንድን ነው?

ሁለት ሦስቴ እንደጎረሱ ጥግብ ይላል። ጫማ ለማሰር ጎንበስ ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል። ማታ ማታ ቃሩ አያስተኛም። ይህን የሰማ ሁሉ «ጨጓራህን ታየው» ማለቱ አይቀርም። በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሲስት (ውሃ የቋጠረ ከረጢት) ላለበት ሰው ግን ጥፋቱ የጨጓራው ላይሆን ይችላል። ጨጓራው ቦታ ተነጥቆ ነው።

በሽታው ፖሊሲስቲክ ኩላሊት ይባላል። ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ኩላሊት ውስጥ እየበዙ፣ ዓመት በዓመት እያደጉ ይሄዳሉ። በብዛት የሚታየው ዓይነት ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ስሙ ኩላሊትን ብቻ መጥራቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ያው የዘረመል ስህተት የጉበትን የሐሞት ቱቦዎችም ይነካል፤ እዚያም ከረጢቶች ይወጣሉ። ፖሊሲስቲክ ጉበት የሚባለው ይሄ ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ይታያል። ደግነቱ ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም።

የሚገርመው ጉበቱ ሥራውን አለማቆሙ ነው። የጉበት የደም ምርመራ ብዙውን ጊዜ ደህና ይመጣል፤ «ምንም የለብዎትም» ተብሎ መመለስም አለ። ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። ጤነኛ ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ይሄኛው የዚያን እጥፍ ድርብ ሊሆን ይችላል። ያበጡትን ሁለት ኩላሊቶች ደግሞ ጨምሩበት። ጨጓራ ይጨመቃል፣ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል፣ እምብርት ወይም ብሽሽት ላይ ቡአ ይወጣል። ሲብስ ሆዱ ተወጥሮ ክንዱና ፊቱ የከሳ ሰው ታያላችሁ። ስለማይበላ ነው።

ሴቶች ላይ ይጠናል፤ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ከረጢቶቹን ያሳድጋል። ስለዚህ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ከመጀመር በፊት ሐኪምን ማማከር ያስፈልጋል።

አንዳንዴ ቆሽት ላይም ጥቂት ከረጢቶች ይገኛሉ፤ እነሱ እምብዛም አያስቸግሩም።

ትኩሳት ከቀኝ ጎን ሕመም ጋር ከመጣ ግን የጉበቱ ከረጢት አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ነው። ለሕመሙ ብሎ ኢቡፕሮፌን መዋጥ ኩላሊቱን ይጎዳል።

ለቀላሉ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ያግዛል። አንድ ትልቅ ከረጢት ከሆነ የሚያስቸግረው፣ በመርፌ ውሃው ተቀድቶ ተመልሶ እንዳይሞላ መድኃኒት ይጨመርበታል። ጉበቱን ሙሉ ከወረሩት መርፌ አይበቃም፤ ከፊሉን በቀዶ ጥገና ማውጣት፣ ለጥቂቶች ደግሞ ንቅለ ተከላ ይታሰባል።