ሕጉ ከተቀየረ የድሮው ክስ በየትኛው ይዳኛል?

«አዲስ ሕግ ወጥቷል አሉ፣ እንግዲህ ወንድሜ አለቀለት?» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በዛ። ቆይ፣ አትደንግጡ።

ዋናው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ነው። የተያዘበት ወይም ክስ የተከፈተበት ቀን አይደለም። የክስ ወረቀት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ እሱን ቀን ፈልጉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ላይ፣ ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ነገር ማንም አይቀጣም ይላል፤ ያኔ ከነበረው የከበደ ቅጣትም አይጣልም።

እንበል አንድ ሰው በመስከረም ደንበጫ ገበያ ላይ ተጣልቶ ሰው ፈነከተ። ከዚያ ቆላ ወርዶ ተሸሸገና በግንቦት ተያዘ። በመሀል፣ ጥር ላይ፣ የቅጣቱ ጣሪያ ከ3 ዓመት ወደ 7 ከፍ አለ (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የኔ ነው)። ዳኛው ከ3 ማለፍ አይችልም። ሰውየው ተደብቆ መክረሙ ያናድዳል፣ ግን ይህንን አይለውጠውም።

ብዙ ሰው የሚስተው ተገላቢጦሹን ነው። አዲሱ ሕግ ቅጣቱን ቢያቀል ኖሮ በአዲሱ ይጠቀም ነበር። የዳኛ ቸርነት እንዳይመስላችሁ፣ መብት ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 6ም ይደግመዋል።

እስከዚህ እርግጥ ነው። እንደ ጉዳዩ የሚለያየው «የትኛው ይሻለዋል?» የሚለው ነው። እስራቱን ቀንሶ መቀጮውን ቢያንረውስ? ያኔ ፍርድ ቤቱ በዚያ ተከሳሽ ላይ የሚያመጣውን አይቶ ይወስናል፣ ጠበቃም ላቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው። የችሎት አካሄድ፣ ማለትም ቀጠሮና የማስረጃ አቀራረብ፣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ሥርዓት ወዲያው ይሠራል።