የጥምረት ምርጫ ምንድን ነው?

ፈርስት ሮቦቲክስ በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር አንድ ቡድን ብቻውን አይጫወትም። ሦስት ሮቦቶች አብረው ሌሎች ሦስትን ይገጥማሉ። በማጣሪያው ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ የሚወጣው በዕጣ መልክ ነው፤ ጠዋት አብሮህ የተሰለፈ ቡድን ከሰዓት ሊገጥምህ ይችላል። ማጣሪያው ሲያልቅ ግን ለጥሎ ማለፉ አጋር የሚመርጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የጥምረት ምርጫ የሚባለው ይሄ ነው።

በመደበኛው ውድድር በማጣሪያው ከ1 እስከ 8 የወጡት ቡድኖች የየጥምረታቸው ካፒቴን ይሆናሉ። ተወካዮቻቸው ሜዳ ላይ ቆመው፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ የሚፈልጉትን ቡድን ይጠራሉ። በመጀመሪያው ዙር 1ኛው ይጀምራል፣ 8ኛው ይጨርሳል። በሁለተኛው ዙር ተራው ይገለበጣል። የሰፈር ኳስ የተጫወተ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል፤ ሁሌ አንዱ ልጅ ቀድሞ ከመረጠ ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል።

በቁጥር እንየው። ሁሉም በደረጃው ቅደም ተከተል ተመረጠ እንበል። ተራው ባይገለበጥ 1ኛው ካፒቴን 9ኛውንና 17ኛውን ይወስዳል፤ የሦስቱ ደረጃ ሲደመር 27 ነው። 8ኛው ደግሞ 16ኛውንና 24ኛውን ይዞ 48 ይሆናል። ልዩነቱ 21 ነው። ተራው ሲገለበጥ 1ኛው 34፣ 8ኛው 41 ይሆናሉ። ልዩነቱ ወደ 7 ወረደ። ጨርሶ አልጠፋም፤ መጥፋትም የለበትም። ማጣሪያውን ለፍቶ የመራ ቡድን የልፋቱን ማግኘት አለበት።

እምቢ ማለትም ይቻላል፤ ግን ዋጋ አለው። ግብዣ ያልተቀበለ ቡድን ሌላ ካፒቴን ሊጠራው አይችልም። ወይ በራሱ ደረጃ ካፒቴን ይሆናል፣ ወይ ከጥሎ ማለፉ ውጪ ይቀራል። ለእኔ ከሕጎቹ ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው። «1ኛውን እምቢ በል፣ እኛ እንወስድሃለን» የሚል የጓዳ ስምምነትን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ካፒቴኖች እርስ በርስ መጠራራት ግን ይችላሉ። 3ኛው 5ኛውን ጠርቶ እሺ ከተባለ ከሥር ያሉት አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ፤ 9ኛውም ካፒቴን ይሆናል።

የሚፈልጉትን አጋር ለማግኘት ወይም ደረጃ ለማስተካከል ሌላው ቡድን አውቆ እንዲሸነፍ መገፋፋትም በደንቡ የተከለከለ ነው። ልክም ነው። ልጆች ለሳምንታት የሠሩት ሮቦት ለሌላው ስሌት ሲባል መቆም የለበትም።

በተግባር ደግሞ ደረጃን ብቻ አይቶ የሚመርጥ ካፒቴን ብዙ ይስታል። ጎበዝ ሮቦት ደካማ አጋሮች ደርሰውት 20ኛ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው ጠንካራ ቡድኖች ስድስት ልጆች ወንበር ላይ የሚያስቀምጡት። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሮቦት ብቻ ይከታተላል፤ ስንት አስቆጠረ፣ ስንቴ ቆመ፣ ሲገፉት ምን ሆነ እያለ ይመዘግባል። ስድስት ልጅ የሌለው ትንሽ ቡድን ይህን የመከታተል ሥራ ከሌላ ቡድን ጋር ተካፍሎ መሥራት ይችላል። ደረጃው ዝቅ ያለ ቡድንም ከምርጫው በፊት ወደ ካፒቴኖቹ ሄዶ ሮቦቱ ምን እንደሚችል ቢያስረዳ ነውር የለውም። መረጃውን ይዞ ይሂድ፤ ያልሠራለትንም አይደብቅ፣ መዝጋቢዎቹ አይተውታልና።